ድንጋይ ተሸክሜ የገባሁበት የምድብ ጨዋታ

ከመርካቶ የወጣሁት ቅዳሜ ምሽት ነው። ቅዳሜ ከመርካቶ በታክሲ መውጣት ምን እንደሆነ ለእናንተ ለሰፈሬ ሰዎች አልነግርም። ለማያውቁት ግን፣ ከጎጃም በረንዳ ተነስተን ዋናው አስፋልት ላይ እስክንደርስ የፈጀብን ጊዜ አውሮፕላኑ የህንድን ውቅያኖስ ካቋረጠበት ይበልጣል ብል ብዙም አልዋሸሁም። ከፊታችን ቆዳ የጫነ ጋሪ፣ ከኋላችን ፍራሽ የተሸከመ ሰው፣ ከጎናችን በመስኮት አንገቱን አስገብቶ «ካልሲ! ካልሲ!» የሚል ነጋዴ። «ወንድሜ ልቀቀኝ፣ ኒው ዚላንድ ልሄድ ነው» ብለው፣ «እዚያ ብርድ ነው አሉ፣ ሁለት ውሰድ» አለኝ። ወሰድኩ።

አጠገቤ ወንድሜ ጋሽ ወርቁ ተቀምጧል። በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ አባቴም እሱ ነው። የገመድና የጆንያ ሱቃችንን አብረን ነው የያዝነው፤ እሱ ይሸጣል፣ እኔ አስቃለሁ። ሰፈር ውስጥ ሁለት ሰው ከተጣላ ለሽምግልና የሚጠራው እሱ ነው። የሚያጣላው ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

«ስማ ደጀኔ» አለኝ። «እዚያ ዘመድ የለህ፣ ሽማግሌ የለህ። ሰው ከበደልክ የሚያስታርቅህ የለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ራስህ ሄደህ እግሩ ላይ ውደቅ።»

«ጋሼ ደግሞ! እኔ ሰው በድዬ አውቃለሁ?»

ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ።

ኦክላንድ የገባሁት ሚስቴ ሰናይት እዚያ ሁለት ዓመት ከሠራች በኋላ ነው። ስለ አየሩ አጭር ልበል፦ ጠዋት ሐምሌ፣ ረፋድ ላይ ጥቅምት፣ ከሰዓት መጋቢት፣ ማታ ተመልሶ ሐምሌ። ጃንጥላ ይዘህ ከወጣህ ነፋስ ይወስድብሃል፣ ትተህ ከወጣህ ዝናቡ ስምህን ጠርቶ ይመጣል። የገና በዓል የሚውለው በሙቀት ነው፤ ሰው በቁምጣ ያከብረዋል። ጎረቤት ቤት ለመሄድ ከሦስት ቀን በፊት መደወል አለብህ። እኛ ሰፈር በር የሚንኳኳው ዕዳ ጠያቂ ሲመጣ ብቻ እንደሆነ ስነግራቸው የሚያምነኝ አጣሁ።

አከራያችን ደግሞ በየሦስት ወሩ ቤቱን ሊመረምር ይመጣል። እናንተ ጋ አከራይ የሚመጣው «ጨምሩ» ሊል ነው፤ ይኼኛው የሚመጣው ምድጃ ውስጥ አንገቱን ሊያስገባ ነው። የዚያን ጊዜ እንግሊዝኛዬ ከ«ሃሎ» ብዙም ስለማይርቅ ሰናይት ታስተረጉማለች።

«ይህ ሽታ ምንድን ነው?» አለ።

«ምሳ ነው በይው።»

«ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ይቀራል።»

«ታዲያ ግድግዳውም ይቅመስ! እስከ ዛሬ በደረቅ ዳቦ ነው የኖረው በይው።»

ሰናይት በክርኗ ጎሰመችኝና ፈገግ ብላ ረጅም ነገር ተናገረች። ኋላ ስጠይቃት «በጣም ይቅርታ ይጠይቃል ነው ያልኩት» አለች። እዚያ አገር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የኖርኩት እንዲህ ነው፤ እኔ እሳደባለሁ፣ እሷ ይቅርታ ትጠይቃለች።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ከቤታችን አጠገብ ባለው ሜዳ ዳር ቆሜ ኳስ ሳይ አንድ ተጫዋች ወለምታ ደርሶበት ወደቀ። አገር ቤት የጎጃም በረንዳ ጤና ቡድን፣ ማለትም ቦርጫቸውን ሊያጠፉ እሁድ እሁድ ኳስ የሚያባርሩ ነጋዴዎች፣ ወጌሻ እንደነበርኩ ታውቃላችሁ። እግሬ ሳያማክረኝ ሮጠ። የልጁን ቁርጭምጭሚት ይዤ ልጎትት ስል አሠልጣኙ ደረሰብኝ።

«ማነህ አንተ?»

«ወጌሻ» አልኩት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ።

«እሱ ምንድን ነው?»

«እግር የሚመልስ።»

«ፈቃድ አለህ?»

«ፈቃዴ እኔ ያሸሁት የግማሽ አዲስ ከተማ ጉልበት ነው። ሄደህ ጠይቅ።»

አልሄደም፣ ግን ሳቀ። ግራንት ይባላል፤ ሥራው ቧንቧ መጠገን ነው። ተጫዋች መንካት በሕግ እንደሚያስከስስ ነግሮኝ፣ በምትኩ ማልያ የሚያጥብና ውሃ የሚያቀርብ ሰው እንደሚፈልጉ ጨመረ። ደጀኔን አሳጥረው «ዲጄ» አሉኝ። ያን ቀን በኒው ዚላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜን ጠርቶ «ቅዳሜ እንዳትቀር» ያለኝ ሰው አገኘሁ። አልቀረሁም። አራት ዓመት አንድ ቅዳሜ አልቀረሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። የክለቡን ጃኬት ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶ ለጋሼ ስልክለት «ምናቸው ነህ?» አለኝ። «ምክትል» አልኩት። «ምክትል አሠልጣኝ!» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አወራው። እኔ የጀመርኩትን ውሸት እሱ ጨረሰልኝ ማለት ነው፤ በመሐከላችን የሥራ ክፍፍል አለ።

እንግዲህ ክለባችን፣ ዳቦ ጋጋሪና አስተማሪና መብራት ሠራተኛ የሚሰለፉበት ክለብ፣ የኦሺኒያ ክለቦች ለሚጫወቱበት ዋንጫ አለፈ። ስምንት ክለብ፣ ሁለት ምድብ፣ ከየምድቡ ሁለት ያልፋል። ቦታው ቫኑዋቱ የሚባል የደሴቶች አገር፣ ፖርት ቪላ ከተማ። ሙቀቱ ወበቅ ያለበት ነው፤ አዋሽ ላይ እንፋሎት ጨምሩበት። ግን ምግቡ! ጎደሬ ይበላሉ፣ የኛኑ ጎደሬ! ላፕላፕ የሚሉት ደግሞ አለ፤ ሥራ ሥር ፍቀው፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው፣ በጋለ ድንጋይ ያበስሉታል። ቅጠሉን ስገልጠው ቆጮ መሰለኝ፤ ከጎናችን ሱቅ ያለው ሙራድ ትዝ አለኝና «ክትፎው የታለ?» ብዬ አስተናጋጇን ላፋጥጣት ምንም አልቀረኝም።

የመጀመሪያውን ጨዋታ በባለሜዳዎቹ ሁለት ለዜሮ ተሸነፍን። ጎጃም በረንዳ ኔትወርክ ስለጠፋ ማንም አላየውም፤ ተመስገን። ጋሼ ግን አልተኛም። «ሁለተኛውን በስልክ እንሞክራለን፣ ለሦስተኛው ትልቅ ቴሌቪዥን ተውሼ ሱቁ በር ላይ እሰቅላለሁ» አለኝ። እዚያ ከሰዓት አሥር ሰዓት ሲሆን እናንተ ጋ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። «በረንዳው ሁሉ ሥራ አቁሞ አንተን ወንበር ላይ ተቀምጠህ ሊያይ ነው።» አስቡት። ከአገር ስወጣ «ይሄ እዚያ ሄዶ ምን ሊሆን ነው?» ያለ ሰው ሁሉ፣ እኔን ከአሠልጣኙ ጎን ተቀምጬ ሊያየኝ። ከዚህ በላይ የምፈልገው ነገር አልነበረም። ዋንጫው ራሱ ለእኔ ሰበብ ነበር።

ሁለተኛው ጨዋታ ላይ አንድ ለዜሮ እየመራን፣ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀር አገቡብን። ለእኔ ከጨዋታ ውጭ ነበር። ዳኛው ሩቅ ስለነበረ የቅርቡን ሰው አገኘሁ፤ የጨዋታው ኮሚሽነር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሪፖርቱን ይጽፋል። ከሳሞዋ የመጣ፣ ሰባ ዓመት የሆነው ሽማግሌ፤ ከወገቡ በላይ ነጭ ሸሚዝና ከረባት፣ ከወገቡ በታች ሽርጥ። ስሙ ላፋኤሌ ነው፤ የኛው ሩፋኤል።

«አንተ ሽማግሌ! ዓይንህን ለማን ሸጥከው?» አልኩት በእንግሊዝኛ። አራት ዓመት የተማርኩትን እንግሊዝኛ ለዚህ አዋልኩት። በእጄ የነበረውን ክዳን የሌለው የውሃ ጠርሙስም ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። ውሃው ሸሚዙንም፣ ሪፖርቱንም፣ መነጽሩንም አዳረሰ። ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ፣ በሽርጡ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

አንድ ለአንድ ወጣን። አውቶቡስ ውስጥ ግራንት ቪዲዮውን አሳየኝ። ጎሉ እንደ ፀበል የጠራ ነው። ደግሞስ ጎል የሚያጸድቀው ዳኛው እንጂ ኮሚሽነሩ አይደለም። ማለት፣ ያላጠፋ ሽማግሌ፣ ባላጠፋው ጥፋት፣ ሰው ፊት አዋርጃለሁ። ጋሼ በስልኩ ማየት አልተሳካለትም ነበር፤ ቢሰማ ምን ይለኛል? በመስኮት አየሁ፤ ፀሐይዋ ባሕሩን ልትነካ አንድ ክንድ ቀርቷታል።

ሆቴል እንደደረስን ድንጋይ ፍለጋ ወጣሁ። የባሕሩ ዳር ድንጋይ ቀዳዳ በቀዳዳ፣ እንደ አምባሻ የቀለለ። በእንዲህ ያለ ድንጋይ የሚጠየቅ ይቅርታ ይቅርታ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። መጨረሻ ላይ ከሆቴላችን የአበባ መደብ ዳር አንድ ደህና ጥቁር ድንጋይ ነቀልኩ። ኩንታል ባይሞላ የኩንታል ጎረቤት ነበር። ማጅራቴ ላይ ጫንኩት፣ አጎንብሼ፣ ባለሥልጣኖቹ ወዳረፉበት ሆቴል መንገድ ተሻግሬ ገባሁ። አባቴ እንዳደረገው፣ አያቴ እንዳደረገው፤ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፣ የተበደለው «ይቅር ለእግዜር» ብሎ ያወርድለታል። አለቀ።

አላለቀም። መሬት መሬት ስለማይ ከፊቴ ምን እንዳለ አላየሁም። ብቻ አንዲት ሴት ጮኸች፣ ቀጥሎ አንድ የውድድሩ ጥበቃ ሠራተኛ፣ ስፋቱ የመኪና መንገድ የሚዘጋ፣ ከጎን መጥቶ ወደቀብኝ። እኔ በአንድ በኩል፣ ድንጋዩ በሌላ በኩል። የወለሉ ሸክላ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ።

አንዲት ክፍል አስገቡኝ። የውድድሩ የዲሲፕሊን ጸሐፊ በዚያ ሙቀት ኮት ለብሳ፣ ወረቀት ይዛ መጣች።

«ድንጋዩን ለምን አመጣኸው?»

«ይቅርታ ልጠይቅበት።»

«በድንጋይ?»

«ያለ ድንጋይማ ምኑን ይቅርታ ሆነ?»

«ኮሚሽነሩ ላይ ልትወረውረው አስበህ ነበር?»

«እመቤቴ፣ የሚወረወር ድንጋይ በእጅ ነው የሚያዘው፣ ማጅራት ላይ አይጫንም። ደግሞ ትንሽ ነው የሚመረጠው። አዲስ ከተማ ነው ያደግኩት፣ የሚወረወረውን አውቀዋለሁ።»

«ስለዚህ ከዚህ በፊት ድንጋይ ወርውረሃል» አለችና ጻፈች።

«በልጅነቴ! ማንጎ ላይ!»

«ማንጎ» ብላ ጻፈች።

በሩ ተከፈተና ጋሽ ላፋኤሌ ገባ። ሸሚዝ ቀይሯል። ተነሳሁና እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ጥበቃው በትከሻዬ ያዘኝ፤ ሽማግሌው በእጁ «ተወው» አለው።

«ድንጋይ ተሸክሞ መምጣትን ማን አስተማረህ?» አለኝ።

«አባቴ።»

«አባትህ የየት አገር ሰው ነው?»

«ጎጃም።»

ጎጃም የትኛው ደሴት እንደሆነች ሲያስብ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገረኝ። እነሱም ዘንድ የበደለ ሰው በማለዳ ይመጣል አለ፤ ምድጃ የሚሠራበትን ድንጋይና ማገዶ ይዞ፣ በጥሩ ምንጣፍ ተሸፍኖ፣ ከተበዳዩ ቤት ፊት አጎንብሶ ይቀመጣል። ከፈለግህ አብስለኝ ማለቱ ነው። ተበዳዩ ወጥቶ ምንጣፉን ከገለጠለት ታረቁ።

«ምንጣፍህ የታል?» አለኝ።

«እኛ ዘንድ ምንጣፍ የለውም።»

«ታዲያ ግማሽ ልብስ ለብሰህ ነው የመጣኸው» ብሎ ሳቀ። ከዚያም ሁለቱን እጆቹን ማጅራቴ ላይ፣ ድንጋዩ የላጠው ቦታ ላይ አሳረፈ። እናንተዬ፣ ከኢትዮጵያ ከወጣሁ ወዲህ ሽማግሌ ነክቶኝ አያውቅም ነበር።

ወደ ጸሐፊዋ ዞሮ «ይህ ይቅርታ ነው፤ ተቀብያለሁ» አላት።

«ይገባኛል» አለች፣ ምንም ሳይገባት። «ግን ቅጹ ላይ ያሉት ሁለት ሳጥኖች ናቸው፤ ‹ማስፈራራት› እና ‹ጥቃት›። ይቅርታ የሚል የለም። ‹ማስፈራራት› የሚለው ላይ ከፈረመ በማስጠንቀቂያ ይታለፍና ለሦስተኛው ጨዋታ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ካልፈረመ መታወቂያውን ያስረክባል፣ ሜዳም አይገባም።»

ግራንት ሮጦ ደረሰ። «ዲጄ፣ ፈርም! ማንም አያነበውም እኮ!»

«የማይነበብ ከሆነ ለምን ተጻፈ?»

«ወንበርህ! ቴሌቪዥኑ! ወንድምህ!»

የቴሌቪዥኑን ወሬ ነግሬው ነበር። ሁሉንም አስቤዋለሁ። ጎጃም በረንዳን አሰብኩ፤ ሙራድን፣ ጋሪ ገፊዎቹን፣ ጋሼን ቴሌቪዥኑ ሥር ወንበር ስቦ ሲቀመጥ። ብዕሩንም ያዝኩት፣ አልዋሽም።

ጋሽ ላፋኤሌን አየሁት። «ይቅርታው የእኔ ነው፣ ሰጥቼሃለሁ» አለኝ። «ወረቀቱ የእነሱ ነው። እጁ ግን ያንተ ነው።»

«ለጠርሙሱ ሃያ ጊዜ እፈርማለሁ» አልኳቸው። «ለስድቡ አርባ። የአበባውን መደብ በእጄ እሠራለሁ፣ ሸክላውንም እተካለሁ። ድንጋዩ ግን ማስፈራሪያ አይደለም። እኔ ዛሬ ማስፈራሪያ ነው ብዬ ከፈረምኩ፣ ከእኔ በፊት ተሸክመውት እግር ላይ የወደቁት ሁሉ ዱርዬ ሊባሉ ነው። አልፈርምም!»

መታወቂያውን ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩላት። ጸሐፊዋ አንድ ነገር ጻፈች። ማንጎ እንደማይሆን ተስፋ አደርጋለሁ።

ሦስተኛው ጨዋታ ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። የሜዳው አጥር የቆርቆሮና የሽቦ ቅይጥ ነው፤ ከውጭ የቆመ የጭነት መኪና ጣራ ላይ ከአሥራ አምስት የቪላ ሰዎች ጋር ወጣሁ። ሊጀመር ትንሽ ሲቀር አጥቂያችን ቶማሲ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ እያነከሰ አጥሩ ጋ መጣ።

«ዲጄ፣ ፋሻውን አጥብቀው ነው ያሰሩት። እግሬ ደነዘዘ።»

ወርጄ ሽቦው በተቀደደበት በኩል እጆቼን አስገባሁ፣ እሱም እግሩን ሰጠኝ። ይህን ጊዜ ያ በላዬ ላይ የወደቀው ጥበቃ ብቅ አለ። እኔን አየ፣ እግሩን አየ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶን ባሕሩን መመልከት ጀመረ። በሕይወቱ ባሕር አይቶ የማያውቅ ይመስል አፍጥጦ ተመለከተው። ፋሻውን ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። ተጫዋች አትንካ ከተባልኩ ከአራት ዓመት በኋላ፣ መጀመሪያ የነካሁት በአጥር ቀዳዳ ነው።

አንድ ለዜሮ አሸነፍን። ጎሉን ያገባው የእነሱ ተከላካይ ነው፣ በራሱ ላይ። ቶማሲ አራት የጎል ዕድል አባክኗል። ስለ ወጌሻነቴ ከዚህ የበለጠ እውነት አትሰሙም። በአንድ የጎል ልዩነት ሦስተኛ ሆነን ከምድቡ ሳናልፍ ቀረን።

ከዚያ ወዲህ ክለቡ ወደ ውድድር ሲሄድ ያው ወረቀት በኢሜይል ይመጣልኛል፤ ያው ሁለት ሳጥን። እኔም ሦስተኛ ሳጥን በብዕር ስዬ፣ «ይቅርታ» ብዬ በአማርኛ ጽፌበት እመልስላቸዋለሁ። አልተቀበሉትም። እኔም አላቆምኩም። የሜዳው ሣር ላይ አልገባም፤ ማልያውን ግን የማጥበው እኔ ነኝ።

የዚያን ቀን ከጭነት መኪናው እንደወረድኩ ለጋሼ ደወልኩ። እናንተ ጋ ረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ነው።

«የት ነበርክ አንተ?» ብሎ ጮኸ። «በረንዳው ሁሉ ቆሞ! ወንበሩን አሳዩት፤ ባልዲ አለ፣ አንተ የለህም! ሙራድ ‹ምክትሉ ባልዲው ነው ወይ?› ብሎ አሳቀብኝ!»

ሁሉንም ነገርኩት። ምክትል እንዳልሆንኩ፣ ባልዲውም የእኔ እንደሆነ፣ ጠርሙሱን፣ ድንጋዩን፣ ወረቀቱን።

«ምን ነበር ብትፈርም?» አለ በመጨረሻ። «ለማታውቃቸው ሰዎች! አንዲት ፊርማ! እኛ እናይህ አልነበረም? ከሄድክ ስድስት ዓመት ሆነህ እኮ። መልክህን የረሳ ሰው አለ እዚህ።»

«ጋሼ፣ ድንጋዩን እኮ...»

«በል ተወኝ፣ ደንበኛ መጣ። ሞኝ!»

ስልኩን የዘጋ መሰለው። አልዘጋውም፤ እንደ ልማዱ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ጨርቅ ሲፋተግ ሰማሁ፣ ከዚያ ጋሪ ገፊ «ጀርባህን! ጀርባህን!» እያለ ሲያልፍ፣ ከዚያ አንድ ሰው የገመድ ዋጋ በሜትር ሲጠይቅ።

«ወንድምህ በቴሌቪዥን ይታያል ብለህ አልነበር ጋሽ ወርቁ?» አለ ደንበኛው።

«እሱ?» አለ ጋሼ። ድምፁ ደረቱ ውስጥ ሲያስተጋባ በጆሮዬ ይሰማኛል። «እሱማ ሦስት መቶ ፖሊስ ከበበው። ወረቀት አምጥተው፣ መትረየስ ደግነው፣ ‹ፈርም!› አሉት። ‹የአባቴን ወግ ወንጀል ነው ብዬ አልፈርምም!› አላቸው። ሦስት ጊዜ ጠየቁት፣ ሦስት ጊዜ አልፈርምም!»

«ወንድ!» አለ ደንበኛው።

«የኔ ወንድም እኮ ነው። ስንት ሜትር ልቁረጥልህ?»

ገመድ ሲሳብ ሰማሁ። ዋጋ ተከራከሩ። የአንዋር መስጊድ መንገድ መኪና ዘግቶት ሁሉም በአንድ ጊዜ ጥሩምባ ነፋ። ፖርት ቪላ መሸ፤ የቡድኑ አውቶቡስ በመብራት ይጠራኛል፣ ግራንት «ዲጄ! ዲጄ!» ይላል። በእጄ «ቆይ» አልኩት፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ። ጋሼ ለሚቀጥለው ደንበኛ መናገር ጀምሯል፤ ፖሊሶቹ አምስት መቶ ደርሰዋል።